ስም የማይጠራበት ውሃ

በየዓመቱ ጥር ሊያልቅ ሲል፣ ፊላ በር በምትባለው የሐይቅ ዳር ከተማ፣ በዋና ተጀምሮ በብስክሌት የሚቀጥልና በሩጫ የሚያበቃ ትልቅ ውድድር ይካሄዳል። የስፖርት ጽሕፈት ቤቱ በየግድግዳው በሚለጥፈው ወረቀት ላይ «ትራያትሎን» ይለዋል፤ ሽማግሌዎቹ ግን ቃሉ አፋቸው ውስጥ እየተወላገደ ስላስቸገራቸው «የባሕሩ ቀን» ብለው ተገላግለዋል። በዚያ ቀን ሱቅ ይዘጋል፣ ባጃጅ ይቆማል፣ የተቆረጠ ሠርግ እንኳ ቢኖር ወደ ሌላ ሳምንት ይገፋል፤ ከጎረቤቱ ጋር በአጥር ምክንያት ተኳርፎ የከረመ ሰው ሳይቀር ከዚያው ጎረቤቱ ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ዳር ላይ ይቆማል።

ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ መጀመሪያ የሚደነግጠው በዝምታው ነው። ተወዳዳሪዎቹ ውሃ ውስጥ እስካሉ ድረስ ያ ሁሉ ሕዝብ ትንፍሽ አይልም። ጭብጨባ የለም፣ እልልታ የለም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስም አይጠራም። እናቶች ከፊት ይሆኑና የነጠላቸውን ጫፍ በጥርሳቸው ይዘው ይቆማሉ። አንድ ጊዜ ከሩቅ ከተማ የመጣ አስተዋዋቂ ድምፅ ማጉያውን አስተካክሎ የዋናተኞቹን ስም ሊጠራ ሲያሰፈስፍ፣ አንዲት ዓሣ ጠባሽ ሴትዮ ሰተት ብላ ሄዳ ገመዱን ከሶኬቱ ነቀለችበት ይባላል፤ ሊቆጣት ዞር ቢል ከተማው በሙሉ እሱን እያየ ነበርና፣ ድምፅ ማጉያውን አስቀምጦ ቁጭ አለ። ዋናተኞቹ የሚነሡበት ዳር ስሙ «አፍ ያዥ» ነው። ይህን ስም እንዴት እንዳገኘ ሽማግሌዎቹ ሲያወሩት እንዲህ ነው።

ዘመኑን ቆርጦ የሚናገር የለም። ከባሕሩ ማዶ፣ ከሜዳው ባሻገር በሚታየው በቆቅ አምባ ላይ ሹም ይቀመጥ በነበረበት ጊዜ ነው ከማለት አያልፉም። ያኔ በፊላ በር እማማ ዘርትሁን የሚባሉ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ይኖሩ ነበር። የመጀመሪያ ልጃቸው ጓንጉል ይባላል። ከእሱ በኋላ የወለዷቸው ሁሉ ጡት ሳይጥሉ እየሞቱ አንጀታቸውን ስለቆረጡት፣ የመጨረሻው ወንድ ልጅ ሲወለድ ገና እትብቱ ሳይቆረጥ «አንለይ» ብለው ጠሩት። ስምም ነበር፣ ልመናም ነበር፤ ልጁን ይለምኑ ሞትን ይለምኑ እሳቸውም ለይተው አያውቁትም ነበር ይባላል። ልመናው ሠመረላቸውና አንለይ አደገ፤ አድጎም ከዚያ አገር የሚስተካከለው የሌለ ዋናተኛ ሆነ። ውሃ የሚቀዱ ሴቶች «አንተን የሚያገባ እኮ ዓሣ ነው» እያሉ ያሾፉበት ነበር።

አንድ ዓመት ጓንጉል በዓሣ ማጥመጃ ቦታ ከእማማ ሸጊቱ ልጅ ጋር ተጣላ፤ ከቃል ወደ ግፊያ፣ ከግፊያ ወደ ዱላ ሄደና የሸጊቱ ልጅ በዚያው ቀረ። ሹሙ ጓንጉልን አስይዞ አምባው ላይ አሰረው፤ የሟች እናት ይቅር ካላለች በቀርም ቅዳሜ ገበያው ሲበተን እንዲሰቀል ፈረደ። የእስረኛው ዘመዶች መጥተው እንዳያስመልጡትም በማለት የፊላ በርን ታንኳ ሁሉ ወደ ማዶ አስጎተተው። ሐይቁን በየብስ ዞሮ አምባው ለመድረስ ደግሞ በእግር ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል።

እማማ ዘርትሁን በሸጊቱ ደጅ ድንጋይ ተሸክመው ሰነበቱ። ሽማግሌ ገባ፣ ሽማግሌ ወጣ፤ ሸጊቱ ፊታቸውን አዙረው ተቀመጡ። ማን ይፈርድባቸዋል? ልጃቸው ገና አፈሩ አልደረቀም። ቅዳሜ ጠዋት ግን በሩን ከፍተው ወጡና፣

«ተነሺ ዘርትሁን፣ ድንጋዩን ጣዪው» አሉ። «ያንቺ ልጅ ቢሞት የኔ አይመለስልኝ። እንደኔ ሌላ ሴት ደጄ ስትቃጠል ማየት ሰለቸኝ።»

ይህን ብለው የታጠቁትን ጥቁር የሐዘን መቀነት ፈቱና ዘርፉን ቀደው ሰጧቸው። ሸጊቱ ሹሙ ዘንድ ለአቤቱታ ሲሄዱ እሱኑ ታጥቀው ስለነበር ሹሙ ሲያየው ያውቀዋል። ይቅርታው ተገኘ፤ የቀረው ከገበያው መበተን በፊት አምባው ላይ ማድረስ ነበር። ታንኳ ደግሞ የለም።

አንለይ ዘርፉን አንጓው ላይ ጠመጠመ። «ባሕሩን ዋኝቼ እሻገራለሁ፤ ማዶ አጎቴ በቅሎ አለችው፤ እሷ አምባው ሥር ታደርሰኛለች፤ ዳገቱን እሮጠዋለሁ» አለ። ከዳር ተቀምጦ ደንገል ሲጎነጉን የኖረ አባ ደባሽ የሚባል ታንኳ ሠሪ ነበር፤ እሱ ብቻ እጁን ይዞ አስቆመው።

«ልጄ፣ ዘንድሮ ይህ ባሕር ሰው አልወሰደም። ወፎቹም ከጠዋት ጀምሮ ዳሩን ለቀውታል። ዛሬ ፊቱ አላማረኝም።»

«አባ፣ የወንድሜ ፊት ከዚህ የባሰ ሳይሆን አይቀርም» አለና አንለይ ገባ።

መጀመሪያ ነገሩ መልካም ነበር። ክንዱ ሲወጣና ሲገባ ከዳር ይታያል፤ ሰው ሁሉ ደስ ብሎታል። መሐል ሲደርስ ግን በዚያ ሰዓት የማይነፍሰው ነፋስ ተነሣ፣ ውሃው ጠቆረ፣ የልጁ ራስ አንዴ እየታየ አንዴ እየጠፋ ሄደ። አንድ ጊዜ ጠፍቶ ሲቆይ የእናት ነገር አልቻሉም፤ እማማ ዘርትሁን እስከ ጉልበታቸው ውሃው ውስጥ ገብተው፣ «አንለይ! አንለይ!» ብለው ጮኹ። ሰውም ጩኸት ብርታት ይሰጠዋል ብሎ አሰበና ተቀበላቸው። ከተማው በሙሉ፣ ሕፃን ሽማግሌ ሳይል፣ ወደ ባሕሩ ዞሮ፣ «አንለይ! አንለይ! አንለይ!» እያለ አስተጋባ።

ነፋሱ በአንድ ጊዜ ቆመ። ማዕበሉ፣ ሲቆጣ ቆይቶ የሚወደውን ነገር እንደሰማ ሰው፣ ለዘብ ብሎ ተኛ። አንለይም በጨዋ ቤት ያደገ ልጅ ነውና እናቱ እየጠሩት ዝም ብሎ ሊሄድ አልሆነለትም፤ ወደ ኋላው ዞረና፣ በዚያ ዘመን ልጅ ለእናቱ እንደሚመልሰው፣ «እመት!» አለ። ሩቅ ነበር፤ ድምፁ ግን ከእግራቸው ሥር የወጣ ያህል ቀርቦ ተሰማቸው። ወዲያው ጉም ወረደ። ጉሙ ሲገለጥ ባሕሩ ላይ ማንም የለም። ሰዉ «ተሻገረ! ተሻገረ!» ብሎ እልል አለ። አባ ደባሽ ብቻ ጎንጉኖ ያልጨረሰውን ደንገል ጥሎ መሬት ላይ ተቀመጠ።

አጎቱ በኋላ ሲናገር፣ አንለይ በዳሩ ከበቀለው ፊላ፣ ከረጅሙ የውሃ ሣር መሐል ወጥቶ መጣ፣ «እንኳን ደህና መጣህ» ብለው መልስ አልሰጠኝም፣ በቅሎዋ እጁ ሲነካት ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያ በኋላ ግን እንዲያ ስትታዘዝ አይቻት አላውቅም ብሏል። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ደግሞ በቅሎዋ ያለፈችበት አቧራ ጭቃ ሆኖ አየን ብለው ይምሉ ነበር። ልጁ አምባው ሥር ሲደርስ ወርዶ ዳገቱን በሩጫ ወጣው። ገበያተኛው ዕቃውን እየሸከፈ ነበር፤ ገመዱም ዛፉ ላይ ታስሮ ነበር። አንለይ ዘርፉን ከአንጓው ፈትቶ ለሹሙ ሰጠ።

ሹሙ ዘርፉን አወቀውና ጓንጉል እንዲፈታ አዘዘ። ከዚያም እንደ ወጉ፣ «ለመሆኑ መልእክተኛው ማን ይባላል?» ሲል ጠየቀ። ልጁ ፊቱን ወደ ባሕሩ መለሰ። ሹሙ ደገመለት።

«ስሜ እኔ ጋ የለም፣ ጌታዬ» አለ አንለይ። «ውሃው ዘንድ ቀርቷል።»

ሰዉ ድካም ነው ብሎ ሳቀ። ጓንጉል ግን አልሳቀም። ከእስራቱ ተፈትቶ ወንድሙን ሲያቅፈው ገላው ቀዝቃዛ ነበር፤ ፀሐይዋ ያን ሁሉ ሜዳ ስታቃጥለው ውላ፣ ከፀጉሩ የሚወርደው ውሃ አሁንም አላቆመም።

አብረው ቁልቁል ወረዱ። አንለይ ከፊት ከፊት ይሄዳል፣ አይዞርም፣ አያወራም። ጓንጉል ቢጨንቀው፣ «ምን ሆነሃል? ተናገር እንጂ!» አለው።

«ቃል ሰጥተውብኛል፣ ወንድም ጋሼ» አለ አንለይ። «መልእክቴን እስካደርስ ነው የታገሠኝ።»

ማን እንደታገሠው ጓንጉል አልገባውም። ዳር ሲደርሱ አንለይ ፊላው ውስጥ ገባ፤ ጓንጉል ታንኳ ሊፈታ ነው ብሎ ቆሞ ጠበቀው። የፊላው መነቃነቅ እየራቀ ሄደና ቆመ። ጓንጉል ተከትሎ ገብቶ እስከ አንገቱ ድረስ ሲፈልግ ቆየ፤ ታንኳ የያዙ ሰዎች ናቸው ጎትተው ያወጡት።

ታንኳዋ ፊላ በር ስትደርስ እማማ ዘርትሁን እየሳቁም እያለቀሱም ሮጡ። የወረደው አንድ ልጅ ነው። «ወንድምህስ?» አሉ። ጓንጉል የሆነውን ሁሉ፣ ልጁ በመንገድ ያለውንም ቃል ተናገረ። የሰማው ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ሲተያይ አባ ደባሽ እንዲህ አለ ይባላል፤

«እናንተ ልጁን የጠራችሁ መስሏችኋል። ባሕሩ የልጁን ስም ከየት ያውቃል? አገር በሙሉ ፊቱን ወደ እሱ አዙሮ ‹አንለይ› ሲለው ሰማ። እሺ አለ።»

እማማ ዘርትሁን መዳፋቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ያን ስም ያወጡትም እሳቸው፣ የጠሩትም እሳቸው ነበሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤት ሲወጡ እጃቸው ከአፋቸው አይለይም ነበር፤ ዳሩም «አፍ ያዥ» ተባለ። እኔ በበኩሌ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ለእሳቸው የማዝነውን ያህል ለልጁ አላዝንም፤ እሱስ መልእክቱን አድርሷል።

በዓመቱ ያ ቀን ሲደርስ ጓንጉል ወንድሙ የሄደበትን መንገድ ልሄድ ነው ብሎ ልብሱን አወለቀ። እንቢ ቢሉት አልሰማ አለ። ብቻውን እንዳይገባ የሰፈሩ ጎረምሶች ሁሉ አብረውት ገቡ፤ ብዙ ሆነው፣ ተጠጋግተው፣ ባሕሩ ማን ማን እንደሆነ እንዳይለይ። ከዳር የቀረውም ሰው አፉን ያዘ። ተሻገሩ፣ በበቅሎ ሜዳውን አለፉ፣ አምባውን በሩጫ ወጡ፤ ማንም አልጎደለም። በሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ አደረጉ፤ ነገሩ ልማድ ሆኖ ቀረ። በቅሎዋ በጊዜ ብዛት ብስክሌት ሆነች፤ ከአምባው ላይም ገመድ ጠፍቶ ሜዳልያ መጣ። በፊላ በር ግን እስከ ዛሬ ልጁን አንለይ ብሎ የሚሰይም ሰው የለም።

እማማ ዘርትሁን ብዙ ዕድሜ ኖሩ። ዓይናቸው ደክሞ እግራቸው ሲከዳቸው፣ በአንድ የባሕሩ ቀን፣ ዋናተኞቹ ተሻግረው ሰዉ ሁሉ ከዳሩ ከተበተነ በኋላ፣ የጓንጉልን ሴት ልጅ ደግፋ ወደ ዳር እንድታወርዳቸው ለመኗት። ውሃው እግራቸውን እስኪነካ ድረስ ቀርበው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እጃቸውን ከአፋቸው አነሡ። ሳይጮኹ፣ አጠገባቸው ያለ ሰው እንደሚያነጋግሩ ሆነው፣

«አንለይ» አሉ።

«እመት!» የሚል ድምፅ ከውሃው መጣ።

ልጅቷ ወደ ኋላዋ አፈገፈገች። እማማ ዘርትሁን ግን ፈገግ አሉ። «ያን ጊዜ ስምህን ነበር የጠራሁት» አሉ። «አሁን ግን አንለይ ማለቴ ነው።»

ልጅቷ እየጮኸች ሰው ልትጠራ ሮጠች። ሰዎች ሲመጡ የእማማ ዘርትሁን ነጠላ ደርቆ ድንጋዩ ላይ ነበር፤ እሳቸው አልነበሩም።

ዛሬ ተወዳዳሪዎቹ ኮፍያቸው አንድ ዓይነት ነው፣ ክንዳቸው ላይ ስም ሳይሆን ቁጥር ይጻፋል፤ የሕይወት አድን ጀልባዎችም ሞተራቸውን ዝቅ አድርገው ያጅቧቸዋል። ሞተራቸው ጠፍቶ የመጨረሻው ዋናተኛ ብስክሌቱን ሲይዝ፣ የውድድሩ ዳኛ የውሃው ክፍል መጠናቀቁን ማረጋገጥ አለበትና፣ ማዶው ዳር ላይ ወደቆመው ሰው ይሄዳል። ያ ሰው ሁልጊዜ ከጓንጉል ዘር ነው። ዳኛው «ሁሉም ወጥተዋል?» ብሎ ይጠይቀዋል። ሰውየው ፊቱን ከውሃው ሳያነሣ «የወጡት ወጥተዋል» ይላል። ዳኛው ለአገሩ አዲስ ከሆነ፣ ያልሰማ መስሎት፣ «ሁሉም ማለትህ ነው?» ሲል ይደግማል።

«የወጡት ወጥተዋል» ይለዋል ሰውየው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።