የጥንዚዛዋ ኳስ

ተረቴን ልጀምር ጆሯችሁን አውሱኝ፤ እውነት ካጣችሁበት ለጫካው መልሱልኝ።

"ምን ብሠራ ነው ስሜ ሰሌዳው ላይ የሚወጣው?" ስትል ኖራለች ጥንዚዛ፣ ለብዙ ዓመታት። በጫካው ዩኒቨርሲቲ የመምህራንና የሠራተኞች የዓመቱ ስኬት ዋርካው ላይ በተሰቀለ ሰሌዳ ይጻፋል። የእሷ ስም ግን ተጽፎ አያውቅም።

አንድ ዓመት ታዲያ በፀሐይ የደረቀ፣ ክብነቱ ያልተዛነፈ ትልቅ ኳስ ሠርታ አቀረበች።

ዲኑ አንበሳ ከሩቅ አየውና፣ "ልጄ፣ ይህ የተሠራው በእኔ ዘመን አይደል? ስሜን ከላይ አድርጊው" አላት።

"እሺ፣ ጌታዬ።"

የክፍል ኃላፊዋ ጦጣም መጣች። "ስትሠሪው ዛፍ ላይ ሆኜ ሳይሽ ነበር። ማየትስ ማማከር አይደል እንዴ?"

"ነው፣ እትዬ" አለችና ሁለተኛ ጻፈቻት። የራሷ ስም ከሰሌዳው ግርጌ በጭንቅ ገባ።

በምረቃው ቀን ከሌላ ጫካ የመጣች እንግዳ፣ ሰጎን፣ ሰሌዳውን አንብባ ወደ አንበሳ ዞረች። "ድንቅ ሥራ ነው። ከምን ሠራችሁት?"

አንበሳ ጦጣን አየ፤ ጦጣ ጥንዚዛን አየች።

"ከእበት ነው" አለች ጥንዚዛ፣ አንገቷን ደፍታ።

አንበሳ ጉሮሮውን ጠረገ። "እኔ እንኳ ያን ሰሞን ስብሰባ ላይ ነበርኩ።" ጦጣም ያየችው ሌላ ጥንዚዛ እንደነበረ ድንገት ትዝ አላት። እንግዳዋ ምሳ በልታ ሳትጨርስ ሁለቱም ስማቸውን አስፋቁ። ሰሌዳው ላይ የቀረው የጥንዚዛ ስም ብቻ ሆነ።

እሷም ቆማ ደጋግማ አነበበችው። ከዚያም የሚቀጥለውን ዓመት ሥራዋንም ከእበት ልትሠራው ወሰነች።