እጀታዋን የደበቀችው መኪና

ከሁሉ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሦስት የተከበሩ ሽማግሌዎችን ከአንዲት አህያ ጋር በአንድ ተረት ማስገባት ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ግን ያለ አህያዋ ተረቱ አይገፋልኝም።

ድሮ ድሮ፣ አህያ ሲናገር፣ መኪናም ዝም ማለት ሲያቅተው፣ ይበልጣል የሚባል ጎልማሳ አንዲት የኤሌክትሪክ መኪና ነበረችው። ስመኝ የምትባል ልጅ ወደደና ሦስት ሽማግሌዎችን በዚህችው መኪናው ላከ። ነጂው ከሦስቱ አንዱ፣ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዱት ጋሽ ውብሸት ነበሩ። የስመኝ አባት አቶ ዘርጋው ደግሞ ክብር ይወዳሉ፤ ሽማግሌ ደጃቸው ቆሞ ካልለመናቸው ልጃቸውን አይሰጡም።

መኪናዋ ደጁ ላይ ደርሳ ቆመች። ሽማግሌዎቹ ግን አልወረዱም።

አጥሩ ሥር የታሰረችው አህያ፣ «እንግዶችሽ ምነው ተቀመጡ?» አለቻት።

«መውጫው ጠፍቷቸው ነው።»

«እጀታሽስ?»

«ነፋስ እንዳይቃወመኝ የውስጡንም የውጩንም ደብቄዋለሁ።»

«አንቺዬ! ቆመሽ ምን ነፋስ አለብሽ?»

ጋሽ ውብሸት፣ «ክፈቺ እንጂ ልጄ» ብለው ስክሪኑን ነኩ። ወንበሩ ወገባቸውን ያሻቸው ጀመር። ደግመው ነኩ። የዝናብ መጥረጊያው በጠራራ ፀሐይ ተወዛወዘ። ለሦስተኛ ጊዜ ነኩ። ዘፈን አምባረቀ።

«ደስ ላሰኝዎ ብዬ እኮ ነው አባቴ» አለች መኪናዋ።

አቶ ዘርጋው ብቅ አሉ። «ተቀምጦ፣ ያውም በዘፈን፣ ልጄን የሚጠይቀኝ ማነው?» ብለው ወደ ቤታቸው ዞሩ።

አህያዋ ጮኸች። «ስመኝ ልትቀር ነው! ሌላ መውጫ የለሽም?»

መኪናዋ አፈረች። «ከምንጣፉ ሥር አንዲት ገመድ አለች። መልኳ ስለማያምር ለማንም አልተናገርኩም።»

«አሁን ተናገሪ!»

ተናገረች። ሦስቱም ሽማግሌዎች ገመዷን ፍለጋ ባንዴ ጎንበስ አሉ። ግንባራቸው ጉልበታቸውን ነካ።

አቶ ዘርጋው ለመጨረሻ ጊዜ ዞር ብለው በመኪናዋ መስኮት አዩ። በዕድሜያቸው እንዲህ እጅ የነሳቸው ሽማግሌ አልነበረም።

«ኧረ በሞቴ ቀና በሉ! ልጄን ሰጥቻለሁ!» እያሉ ሮጡ። በሩም ያን ጊዜ ተከፈተ።

«አየሽ?» አለች መኪናዋ። «ሲሠሩኝ ይህን አስበው ነው።»

አህያዋ ጆሮዋን ጣል አድርጋ ሣሯን ቀጠለች።

የተረቱም ምክር ይህ ነው፤ መኪናችሁን ከነአመሏ ውደዷት፣ ግን ከመሳፈራችሁ በፊት መውረጃዋን ጠይቋት።

አደራ፣ ለማንም እንዳትደግሙት። አቶ ዘርጋው ዛሬም «እንደነዚያ ያከበረኝ የለም» እያሉ ያወራሉ፤ ሠርጉም ገና አልደረሰም።