ለፈለቀ ልጅ የክርስትና አባት

በአንድ ወቅት፣ ሩቅ አይደለም፣ ሽታው ገና ከልብሴ አልለቀቀም፣ ከከተማ ወጣ ባለ የቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ፈለቀ የሚባል ሠራተኛ ነበር። ሥራው የፍሳሹን ጉድጓድ ማጽዳት ነው። የጸጉሩን፣ የስቡንና የኬሚካሉን አተላ ከላይ ቆሞ በረጅም አካፋ ይዝቃል። ሚስቱ ወንድ ልጅ ወልዳለት ገና አራስ ነበረች፤ ሰውየው ያን ሰሞን ፊቱ ሁሉ ጥርስ ነበር።

በዚያው ሰሞን አሠልጣኝ መጣልን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጎበዝ ልጅ ነበር። «ከዚህ ጉድጓድ የሚወጣው ጋዝ መጀመሪያ እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል» አለን። «ሲበዛ ግን አፍንጫችሁን ያደነዝዘዋል። ሽታው ጠፋ ብላችሁ ደስ ሲላችሁ፣ ያን ጊዜ አለቀላችሁ። ጓደኛችሁ ወድቆ ብታዩት እንኳ ተከትላችሁ አትግቡ። አየር መንፊያውን ማሽን አስነሱ። የጋዝ መለኪያው ደህና ነው ሲል ብቻ፣ ያውም በገመድ ታስሮ ነው ሰው የሚወርደው።»

«ወተትስ?» አለ ፈለቀ። መርዝ ይሽራል እየተባለ የጉድጓድ ሠራተኛ ጠዋት ጠዋት ወተት ይሰጠው ነበር።

«ወተት ለዚህ ጋዝ ምንም አያደርግም።»

ሳቅን። ያኔ ሥልጠናውን እንደ ቀልድ ነው የሰማነው።

እንደ ቀልድ ያልሰሙት ሦስት ናቸው። አንዱ ፎርማኑ በቃና ነው፤ የተባለውን ቃል በቃል ያዘ። ሁለተኛው የፈለቀ የልብ ጓደኛ ሞላ ነው፤ አሠልጣኙ ሲጠይቅ ከሁላችን ቀድሞ በትክክል የመለሰ እሱ ነበር። ሦስተኛው ይርጋ፣ ተረኛ ስለነበር ሥልጠናው ላይ አልነበረም። ምሳ ላይ በቃናን ጠይቆ ሰማና፣ ከዚያ ወዲያ ቆዳ የምንጎትትበትን ገመድ ወገቡ ላይ እያሰረ ይለማመድ ጀመር። «አንተ ደግሞ፣ ቆዳ መሆን አማረህ?» እያልን እንቀልድበት ነበር።

አንድ ጠዋት አካፋው ከፈለቀ እጅ አምልጦ ጉድጓድ ገባ። «ኧረ ተው!» ቢሉት፣ «ወተቴን ጠጥቻለሁ» ብሎ በመሰላሉ ወረደ። አካፋውን ሊያነሳ ጎንበስ አለ፣ አልተነሳም። ለአንድ አካፋ! ፊቱ አተላው ውስጥ ነበር።

ሞላ ሮጠ። በቃና ጃኬቱን ቢይዘው ጃኬቱ በእጁ ቀረ። «አትግባ ተብለናል እኮ!» ቢለው፣ «ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው» ብሎት ወረደ። የፈለቀን ፊት ከአተላው አወጣ። ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ጓደኛውን ትከሻው ላይ አስደገፈው። ከዚያ የራሱ ጉልበት ከዳው። እንደዚያም ሆኖ አለቀቀውም።

በቃና ጉድጓዱ አፍ ላይ እጁን ዘርግቶ ቆመ። የሞላ ታናሽ ወንድም አስፋው መጣ፣ ሌሎችም መጡ፤ ሁሉንም መለሳቸው። አስፋውንማ ደረቱን መትቶ ጣለው። «ጨካኝ! ወንድሜ እየሞተ!» ሲለው፣ «ስደበኝ፣ አታልፍም» አለ። እንባው ይወርዳል፣ እሱ ግን ንቅንቅ አላለም። ከዚያው ከቆመበት ማሽኑን አስነሳና መለኪያውን ያይ ጀመር።

ይርጋ በገመዱ ታስሮ መጣ። «መለኪያው ገና ነው» ብሎ በቃና ትንሽ አቆየው። «እነሱስ ይጠብቃሉ?» አለ ይርጋ፤ የገመዱን ጫፍ ወረወረለትና ትንፋሹን ውጦ ወረደ። በቃና ገመዱን ያዘ፤ ምን ያድርግ? ይርጋ የሚችለው አንድ ሰው ነው። ፈለቀ ሞላ ትከሻ ላይ ነበር፣ እንካ ተቀበለኝ እንደተባለ ዕቃ። እሱን ይዞ ወጣ። ለሁለተኛው ሊመለስ ሲል ጉድጓዱ አፍ ላይ ራሱን ስቶ ወደቀ። መለኪያው ደህና ነው ባለ ጊዜ ሞላን አወጣነው። አልፏል።

እንግዲህ ክርክሩ ከሐዘኑ ድንኳን ጀመረ፣ እስከ ዛሬ አላባራም። ፈለቀ ተርፎ ከሆስፒታል ሲወጣ የልጁ ክርስትና ደርሶ ነበር። የክርስትና አባት ደግሞ ዝም ብሎ የሚሰጥ ማዕረግ አይደለም፤ ዕድሜ ልክ ዘመድ ነው።

የሞላ እናት እትዬ ጥሩዬ፣ «ልጄ ፊቱን ከጭቃ ባያወጣ ፈለቀ አባት አይሆንም ነበር፤ በሞላ ፈንታ አስፋው ይቁም» አሉ። ሌላው ደግሞ፣ «እያወቀ ሕግ የጣሰ ከተሸለመ ነገ ሁሉም ሮጦ ይገባል» ይላል። ይህን እናቱ ፊት የሚናገር ግን አልተገኘም።

የበቃና ወገኖች፣ «አስፋው ራሱ ዛሬ ቆሞ የሚከራከረው በቃና ስለጣለው ነው» ይላሉ። እትዬ ጥሩዬ ግን በቃና ሲመጣ ፊታቸውን ያዞራሉ። «ይርጋን ቀደም ብለህ ብትለቀው ልጄ ይተርፍ ነበር» ብለውታል። እሱም ከዚያ ቀን ወዲህ ቆዳ ቤት ገብቶ ብቻውን ምሳ ይበላል።

«በእጁ ያወጣው ይርጋ ነው፣ ምን ያከራክራል?» የሚሉም አሉ። ታዲያ እሱ ራሱ ሲጠየቅ፣ «ኋላ የወደቀው ሞላ ነበር፤ እሱን ባስቀድም ይተርፍ ነበር ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ» አለ። አሠልጣኙ ተመልሶ ሲመጣም፣ «ይርጋን አትምሰሉ፤ ቀኑ ስላልደረሰ ነው የተረፈው» ብሎናል።

የክርስትናው ጠዋት ሦስቱም ነጭ ለብሰው መጡ፤ በቃና፣ ይርጋ፣ አስፋው። ፈለቀ ቁርጡን ለማንም አልተናገረም፤ እኔ እንደማስበው አልቆረጠም ነበር። እትዬ ጥሩዬ የሞላን ጃኬት ደረታቸው ላይ ታቅፈው ከሴቶቹ መሃል ቆመዋል። ቄሱ ሕፃኑን ከውሃው ሲያወጡት አለቀሰ፣ ጎበዝ ትንፋሽ ነበረው። «ክርስትና አባቱ የታለ? ይቀበል እንጂ!» አሉ።

ሦስቱም ፈለቀን አዩት።

አትጩኹብኝ፣ አንድ በአንድ ተናገሩ። እናንተ ፈለቀን ብትሆኑ፣ ያን ልጅ ማን ይቀበለው ትሉ ነበር?