የተሳለው ቀንድ

ተረት ተረት፣ ጆሮ ላለው ሁሉ ይድረስ።

ቡሬና ዳልቻ የሚባሉ ወንድማማች በሬዎች የጌታቸውን ቀንበር ሰብረው ከወጡ ገና ሳምንታቸው ነበር። ጥሩ ምንጭ ቢያገኙ «ቀድሜ የምጠጣው እኔ ነኝ» ተባባሉና ተጣሉ።

ይህን የሰማ አንበሳ ከወንዝ ማዶ መጥቶ የቡሬን ቀንድ በድንጋይ ሞርዶ እንደ ጦር አሾለለት። ነብርም ከተራራው ወርዶ የዳልቻን አሾለ።

«ውለታህን በምን ልመልስ ጌታዬ?» አለ ቡሬ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

«ምንም አልፈልግም፤ ብቻ በርታ!» አለው አንበሳ።

ተዋጉ። ሣሩ በደም ራሰ። ቡሬ ሊደግም ሲያጎነብስ፣ እንቁላሏን የታቀፈች ቆቅ ከሰኮናው ሥር «በሕግ አምላክ!» ብላ ጮኸች። በዚያ አገር ይህ ቃል ከተጠራ ወዲያ እግሩን የሚያነሳ የለም፤ ሁለቱም ባሉበት ደርቀው ቀሩ። ያን ጊዜ ቡሬ ቀና ቢል፣ አንበሳና ነብር በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠው ከንፈራቸውን ይልሳሉ።

«ምን አለች? ለምን ቆማችሁ?» አለ አንበሳ፣ ቃሉን ስለማያውቀው።

ቡሬ ለቆቋ አንገቱን ዝቅ አድርጎ «ዕድሜ ይስጥሽ፣ እናቴ» አላት። ከዚያ ከወንድሙ ጎን ቆመና ሁለቱም ወደ ዛፉ ዞሩ።

«አንተንም አመሰግናለሁ ጌታዬ» አለው አንበሳን፤ «ቀንዱ እውነትም ስል ነው።»

ቆቋ ጫጩቶቿን ፈለፈለች፤ እኔም ተረቴን ጨረስኩ።