ዘጠኝን የዘለለው መምህር

ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ልጆች። በድሮ ዘመን ገብስማ የምትባል አንዲት ዶሮ ነበረች። ገብስማ ደግ እናት ናት፤ ፍርሃት ግን አይለቃትም። አስር ጫጩቶች ነበሯት። አስር መሆናቸውን የነገረቻት ጎረቤቷ ጅግራ ናት እንጂ እሷ ራሷ ከሁለት በላይ መቁጠር አትችልም ነበር። ሁለት እግር፣ ሁለት ክንፍ፣ ሁለት ዓይን፤ በቃ፣ እዚያ ላይ ያልቅባታል።

ታዲያ ሲመሽ ልጆቿን ክንፏ ሥር ታስገባና ትጨነቃለች። ሁሉም ገብተው ይሆን? ወይስ አንዱ ውጭ ቀርቷል? ትነሳለች፣ ትዞራለች፣ ትመለሳለች። ደግሞ ትነሳለች። እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም።

ይህን ወሬ ሸለምጥማጥ ሰማ። ሸለምጥማጥ ሌባ ነው፤ ጫጩት ነፍሱ ነው፤ አፉ ደግሞ ማር ነው። ፀጉሩን ልሶ፣ አርጩሜ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ መጣ። ሥጋ ከተወ መቆየቱን፣ አሁን በፍራፍሬ ብቻ እንደሚኖርና ለነፍሱ ብሎ የጎረቤት ልጆችን ቁጥር እንደሚያስተምር ነገራት። ጫጩቶቹ ማታ ማታ ተሰልፈው በየተራ ቁጥር ይጠራሉ፤ የመጨረሻው «አስር» ካለ ሁሉም ገብተዋል ማለት ነው፤ እሷም ትተኛለች አላት።

እንቅልፍ የራባት እናት ምን ትላለች? እሺ አለች።

ትምህርት ተጀመረ፤ የማታው ቆጠራ ግን ትምህርቱ ሲያልቅ ነው ተባለ። ሸለምጥማጥ «አንድ» ይላል፣ ጫጩቶቹ «አንድ» ይላሉ። «ሁለት» ይላል፣ «ሁለት» ይላሉ። እንዲህ እያለ «ስምንት» ይላል፣ «ስምንት» ይላሉ። ከዚያ «አስር» ይላል፣ «አስር» ይላሉ። የተሳሳተ በአርጩሜው ቸብ ይደረጋል።

ልብ አላችሁ? ጫጩቶቹ ግን ልብ አላሉም። ዓይናቸው አርጩሜው ላይ ነበር።

የሸለምጥማጥ ሐሳብ ይህ ነበር፦ አንዷን ይበላል፤ የቀሩት ዘጠኙ ማታ ሲቆጥሩ «አስር» ብለው ይጨርሳሉ፤ እናትየውም ለጥ ብላ ትተኛለች። የምትበላውንም መርጧል። ድንቡሼን። ድንቡሼ ከሁሉም ወፍራም፣ በትምህርት ደግሞ ከሁሉም ደካማ ነበረች። አርጩሜውን ስታይ ስድስትና ሰባት ይምታቱባታል።

ውሎ ሲያድር ጫጩቶቹ እህል አልበላ አላቸው። ገብስማ ጨነቃትና ለጅግራ ነገረቻት።

«እስቲ ለእኔ ተያቸው» አለች ጅግራ።

ወደ አመድ ቁልሉ ወሰደቻቸውና ገበጣ አስቆፈረቻቸው፤ በዚህ በኩል አምስት ጉድጓድ፣ በዚያ በኩል አምስት፣ ለእያንዳንዱ ጫጩት አንድ አንድ። ማሽላ አዟዟረውበት ሲያበቁ ጉድጓዱ ውስጥ ስንት ፍሬ እንዳለ በትክክል የተናገረ ይበላዋል። ከተሳሳተ ጎረቤቱ ይበላበታል።

በመጀመሪያው ቀን ድንቡሼ ሁሉንም ተሳሳተች፤ ጾሟን አደረች። በማግስቱ ሦስትና ሁለት አምስት መሆኑን አወቀች፤ አምስት ፍሬ በላች። በሦስተኛው ቀን ወንድሟን አፍጥጣ እያየች፣ «እዚህ ስድስት ነበሩ፣ አሁን አራት ናቸው፤ ሁለቱን አንተ ውጠሃል» አለችው። እውነትም ውጧል።

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማት? እየቆጠረች ትበላለች፣ እየበላች ትቆጥራለች። አንድ ቀን ጉድጓዷ እስከ አፉ ሞልቶ አገኘችው። ቆጥራ ስትጨርስ ኮራ ብላ «አስር» አለች።

ጅግራ ዘጠኝ ነው ብላ ፍሬዎቹን መልቀም ጀመረች። ድንቡሼ አኮረፈች። «ዘጠኝ የሚባል የለም። መምህራችን አላስተማሩንም» አለች።

ጅግራ መልቀሟን አቆመች። ቀስ ብላ አጠገባቸው ወደምትጭረው ገብስማ ዞራ፣ መምህሩ ዘጠኝን እንደዘለለ ነገረቻት። ገብስማ ቁጥር ባታውቅም፣ ከመሃል አንድ ከተዘለለ የሚዘለለው ልጅ መሆኑ ወዲያው ገባት። ላባዋ ቆመ።

በማግስቱ ሸለምጥማጥ መጣ። ድንቡሼ በትምህርቷ ስለደከመች ከቁጥቋጦው ጀርባ ወስዶ ለብቻዋ ሊያስጠናት እንደሚፈልግ ተናገረ።

ገብስማ ከፊቱ ቆማ፣ «መጀመሪያ ጨዋታችንን ይዩልን፣ መምህር» አለችው።

የቤቱ እመቤት ጠዋት ትኩስ ረመጥ ደፍታ ነበር። ሸለምጥማጥ ሳይመጣ ገብስማ ረመጡን ጅግራ ወዳሳየቻት ዘጠነኛ ጉድጓድ ጭራው፣ ሳይፈለፈል የቀረ አንድ የገማ እንቁላልም አስቀምጣበትና አመድ ነስንሳበት ነበር። እንቁላሉ ብቅ ብሎ ይታያል። የዛሬው ጨዋታ ጉድጓዶቹን በተራ መቁጠር ነው፤ ጉድጓዱን በትክክለኛ ቁጥሩ የጠራ ውስጡ ያለውን ይወስዳል አለችው።

ጫጩቶቹ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ማሽላቸውን ወሰዱ። ድንቡሼ ስምንትን ጠርታ በላች። ተራው የመምህሩ ሆነ።

«አስር» አለ ሸለምጥማጥ።

«ተሳስተዋል። እንቁላሉ ለእኔ ነው» አለች ድንቡሼ።

ሸለምጥማጥ እንቁላሉን አየ። ድንቡሼን አየ። እንደገና እንቁላሉን አየ። ምራቁ ተዝረበረበ፤ የፍራፍሬው ነገር ጠፋበት።

«ዘጠኝ ነው» አለ። «ከጥንትም ዘጠኝ ነበር።»

ይህን ብሎ ዘሎ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። እግሩን ረመጡ ለበለበው፤ እንቁላሉን ሲነክሰው ደግሞ ቷ ብሎ አፉ ውስጥ ፈነዳ። ጢሙ ተለወሰ፣ ፀጉሩ ተለወሰ፣ ጭራው ሳይቀር ተለወሰ። አርጩሜውን ጥሎ በረረ። ወንዝ ገብቶ ቢታጠብ፣ ቢፋቅ፣ ቢንከባለል ሽታው አልለቀው አለ። ከዚያ በኋላ ወደየትኛውም ቆጥ ሲጠጋ ሽታው ቀድሞት ይደርሳል፤ ዶሮዎቹም እየተንጫጩ ይጠብቁታል።

ገብስማስ? እሷም ከልጆቿ ጋር ገበጣ ተቀመጠች። መጀመሪያ ላይ ፍሬዋን ሁሉ ተበልታ ሳቁባት። ድንቡሼ ግን ታግሳ አስተማረቻት። አንድ ምሽት እናትየው ልጆቿን ራሷ ቆጠረቻቸው፤ አስር። ከዚያ ደግማ ቆጠረቻቸው። ተጠራጥራ አይደለም፤ ደስ ስላላት ነው።

እንግዲህ ልጆች፣ በዱላ ፈርታችሁ የምትሸመድዱትን ቁጥር ብልጥ ሰው ሊዘልባችሁ ይችላል፤ ተጫውታችሁ ያወቃችሁትን ግን ማንም አያታልላችሁም። እኔ አወራሁ፣ እናንተ ሰማችሁ። በሉ አሁን ጠጠር ለቅማችሁ ኑ።