ሎሚ ለምን ዝም አለ?

ተረቴ ከአንድ ትንሽ ፍላጎት ይነሳል፤ ከዚያ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይረዝማል። ትንፋሽ ያለው አብሮኝ ይበል፤ ትንፋሽ ያጠረው ቁጭ ብሎ ያዳምጥ።

በድሬዳዋ፣ ሰባት ቤተሰብ በሚኖርበት አንድ ግቢ ውስጥ፣ የሻረግ የምትባል መምህርት ነበረች። ዓይን አፋር ናት። ክፍል ገብታ ጠመኔ ስትይዝ ድምጿ ይሰማል፤ ከክፍል ስትወጣ ግን ሰላምታዋን እንኳ ለጫማዋ ነው የምትሰጠው። ወደዚህ ግቢ የመጣችው ብቻዋን፣ አንድ ሻንጣና አንድ ካርቶን መጽሐፍ ይዛ ነበር። ግቢው በመጀመሪያው ቀን ምሳ ጠራት፤ ከዚያ ወዲህ ብቻዋን በልታ አታውቅም። ይህን ውለታ በልቧ እንደያዘች ትኖራለች።

የዚያ ግቢ ሰው ለየብቻ መብላት አይወድም። በረመዳን ሳምቡሳውና ሾርባው፣ በጾም ሽሮውና ፉሉ፣ እሑድ ደግሞ ያለው ሁሉ ከየቤቱ ወጥቶ ግቢው መሃል አንድ ሰፊ ትሪ ላይ ይቀርባል። ለብቻው ሳህን ይዞ ወደ ቤቱ የገባ ሰው ተጣልቷል ማለት ነው፤ ሽማግሌ ይላክበታል።

ወፍ ማርባት ሲጀምሩም እንደዚያው ሆነ። ባለሱቁ በቀቀን አመጣ፤ ልብስ ሰፊዋ ዋኖስ አመጣች፤ አናጢው አወል ድርጭት አመጣ። አወል ለሁሉም አንድ ትልቅ የሽቦ ቤት ሠራ። ያን ጊዜ ልብስ ሰፊዋ ብቻ፣ «አይጣሉም ወይ?» ብላ ጠየቀች። ሁሉም ወደ የሻረግ ዞሩ። መደርደሪያዋ ላይ አንድ ወፍራም ሰማያዊ መጽሐፍ ነበረ፤ የግቢው ሰው የዓለም እውቀት ሁሉ እዚያ ውስጥ ያለ ይመስለዋል።

«መምህርት፣ መጽሐፉ ምን ይላል?»

የሻረግ የእግሯን ጣቶች እያየች፣ «አብረው ይኖራሉ ይላል» አለች። ለምን ጣቶቿን እንዳየች በቦታው እነግራችኋለሁ።

ይህ ከሆነ ስድስት ዓመት አለፈ። ባለፈው ወር አባባ ምናሴ፣ የባቡር ጡረተኛው፣ ካናሪ የሚባለውን ዘማሪ ወፋቸውን ከነትንሽ የሽቦ ቤቱ ይዘው ደረጃ ሲወርዱ ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ፤ ትንሿ የሽቦ ቤትም ከሥራቸው ተጨፈለቀች። ወፉ ግን ተረፈ። ቢጫ ስለሆነ ስሙ ሎሚ ነው። ግቢው፣ «ብቻውን ምን ያደርጋል፤ ከጓደኞቹ ጋር ይጫወት» ብሎ ከትልቁ ቤት ቀላቀለው። ሎሚ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዲት ድምፅ አላወጣም።

እሑድ ጠዋት አባባ ምናሴ ከአልጋቸው የሻረግን አስጠሯት።

«የሻረግ ልጄ፣ ነገ ልጄ መጥታ ወደ ሐዋሳ ትወስደኛለች። ሎሚን አንድ ጊዜ ልስማው። ከዘመረ ደህና ነው፤ ይዤው እሄዳለሁ። ካልዘመረ ታሟል፤ የታመመ ወፍ መንገድ አይችልም፤ ትቼው እሄዳለሁ።»

«ትተውት? አባባ!»

«ምን ላድርግ? መንገድ ላይ ከሚሞትብኝ እዚህ ይቅርልኝ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

የሻረግ ወደ ሽቦው ቤት ሄደች። «ሎሚዬ፣ ለአባባ ብለህ ዘምርላቸው።»

«አልዘምርም» አለ ሎሚ ጥግ ላይ ተኮማትሮ። «ከላይኛው እንጨት ላይ ካልቆምኩ ድምፄ አይወጣም። በቀቀኗን ውረጂ በያት።»

የሻረግ በቀቀኗን፣ «ከላይኛው እንጨት ውረጂ፤ አንቺ ካልወረድሽ ሎሚ አይዘምርም» አለቻት።

«አቦ ተዪኝ!» አለች በቀቀኗ። «እዚህ ከላይ የተንጠለጠለችውን ጥሬ ለቅቄ ምን ልብላ? የታችኛውን ሳህን ዋኖሷ ይዛዋለች። ሎሚም ቢጠጋኝ ጣቱን ነው የምነክሰው!»

የሻረግ ዋኖሷን፣ «ከሳህኑ ተነሺ፤ አንቺ ካልተነሳሽ በቀቀኗ አትወርድም፤ በቀቀኗ ካልወረደች ሎሚ አይዘምርም» አለቻት።

«እኔ ምን አደረግሁ እህቴ?» አለች ዋኖሷ በለሆሳስ። «ከሳህኑ ከወረድኩ ድርጭቷ ከታች እየዘለለች ሆዴን ትመታኛለች። እሷን አንድ በያት።»

የሻረግ ጎንበስ ብላ ድርጭቷን፣ «መዝለልሽን ተዪ፤ አንቺ ካልተውሽ ዋኖሷ አትነሳም፤ ዋኖሷ ካልተነሳች በቀቀኗ አትወርድም፤ በቀቀኗ ካልወረደች ሎሚ አይዘምርም» አለቻት።

«ማነው? ምንድነው? ማን መጣ?» ብላ ድርጭቷ ዘለለችና ጭንቅላቷን ከሽቦው ጋር አጋጨች። «መደበቂያ የለኝማ! ኮሽ ባለ ቁጥር እደነግጣለሁ፤ በደነገጥኩ ቁጥር እዘልላለሁ። ሳሩ ወለሉ ላይ ይተኛልኝ፤ እሱ ውስጥ እገባና ማንንም አልነካም።»

ሳሩ ከሽቦው ቤት ጀርባ ታስሮ ተቀምጦ ነበር። የሻረግ፣ «ወለሉ ላይ ተኛ፤ አንተ ካልተኛህ ድርጭቷ መዝለሏን አትተውም፤ ድርጭቷ ካልተወች ዋኖሷ አትነሳም፤ ዋኖሷ ካልተነሳች በቀቀኗ አትወርድም፤ በቀቀኗ ካልወረደች ሎሚ አይዘምርም» አለችው።

«ብተኛ ደስ ባለኝ» አለ ሳሩ። «ግን ከላይ የሚወርደው ኩስ በሁለት ቀን ያበሰብሰኛል። ሳንቃው ከላዬ ይጋደምልኝ።»

ሳንቃው ከአወል በር አጠገብ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። የሻረግ፣ «ከሳሩ በላይ ተጋደም፤ አንተ ካልተጋደምክ ሳሩ አይተኛም፤ ሳሩ ካልተኛ ድርጭቷ መዝለሏን አትተውም፤ ድርጭቷ ካልተወች ዋኖሷ አትነሳም፤ ዋኖሷ ካልተነሳች በቀቀኗ አትወርድም፤ በቀቀኗ ካልወረደች ሎሚ አይዘምርም» አለችው።

«እኔ ረጅም፣ ቤቱ አጭር» አለ ሳንቃው። «ሳልቆረጥ በየት በኩል ልግባ? መጋዙን አናግሪው።»

የሻረግ ወደ መጋዙ ሄደች። «ሳንቃውን ቁረጥ፤ አንተ ካልቆረጥክ ሳንቃው አይጋደምም፤ ሳንቃው ካልተጋደመ ሳሩ አይተኛም፤ ሳሩ ካልተኛ ድርጭቷ መዝለሏን አትተውም፤ ድርጭቷ ካልተወች ዋኖሷ አትነሳም፤ ዋኖሷ ካልተነሳች በቀቀኗ አትወርድም፤ በቀቀኗ ካልወረደች ሎሚ አይዘምርም።»

«ጥርስ ነው ያለኝ፤ እጅ አለኝ እንዴ?» አለ መጋዙ። «አወል ያንሳኝ።»

አወል በሩ ላይ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ፣ መምህርቷ ከመጋዝ ጋር ስታወራ በፈገግታ ያያት ነበር። ሐፍረቷ ፊቷን አጋለው፤ ቢሆንም ተናገረች። «አወል ወንድሜ፣ መጋዙን አንሳልኝ። አንተ ካላነሳኸው መጋዙ አይቆርጥም፤ መጋዙ ካልቆረጠ ሳንቃው አይጋደምም፤ ሳንቃው ካልተጋደመ ሳሩ አይተኛም፤ ሳሩ ካልተኛ ድርጭትህ መዝለሏን አትተውም፤ ድርጭትህ ካልተወች ዋኖሷ አትነሳም፤ ዋኖሷ ካልተነሳች በቀቀኗ አትወርድም፤ በቀቀኗ ካልወረደች ሎሚ አይዘምርም። ሎሚ ካልዘመረ አባባ ትተውት ይሄዳሉ።»

«እትዬ የሻረግ፣ ለርስዎ ያላነሳሁትን መጋዝ ለማን አነሳለሁ?» አለ አወል። «ይህ ግን ይቅርብኝ። የግቢውን ቤት በሳንቃ ከከፈልኩ ግቢውን ከፈልኩት ማለት ነው። ባለሱቁ ‹የኔን በቀቀን ከማን ለየሃት?› ይለኛል፤ ሽማግሌ ነው የሚላክብኝ! ደግሞ መጽሐፉ አብረው ይኑሩ ብሏል፤ የነገሩን ራስዎ ነዎት። መጽሐፉ ይከፈሉ ካለ ግን አሁኑኑ ነው የምቆርጠው።»

የሻረግ ቤቷ ገብታ ሰማያዊውን መጽሐፍ አወረደች። አቧራውን በመዳፏ ጠረገችና በሹክሹክታ፣ «እባክህ ለአወል ንገረው» አለችው። «አንተ ካልነገርከው አወል መጋዙን አያነሳም፤ አወል ካላነሳው መጋዙ አይቆርጥም፤ መጋዙ ካልቆረጠ ሳንቃው አይጋደምም፤ ሳንቃው ካልተጋደመ ሳሩ አይተኛም፤ ሳሩ ካልተኛ ድርጭቷ መዝለሏን አትተውም፤ ድርጭቷ ካልተወች ዋኖሷ አትነሳም፤ ዋኖሷ ካልተነሳች በቀቀኗ አትወርድም፤ በቀቀኗ ካልወረደች ሎሚ አይዘምርም።»

«እኔ ምን ብዬ ልንገረው?» አለ መጽሐፉ። «በፈረንሳይኛ የተጻፍኩ የባቡር ሞተር መጠገኛ መጽሐፍ ነኝ። አንቺ ደግሞ ፈረንሳይኛ አታነቢም። ከአሮጌ ዕቃ ተራ የገዛሽኝ ሽፋኔ አምሮሽ ነው። ስለ ወፍ አንድም ቀን ተናግሬ አላውቅም፤ የተናገርሽው አንቺ ነሽ።»

ይኸውላችሁ፣ ጣቶቿን ያየችው ለዚህ ነበር።

መዋሸት ፈልጋ አልነበረም። ግቢው ቦታ ሰጥቷት፣ ምሳ ሰጥቷት፣ «መምህርት» የሚል ስም ሰጥቷት፣ እሷ በምላሹ የምትሰጠው እውቀቷን ብቻ ነበር። «አላውቅም» ብትል ከትሪው ዙሪያ ቦታዋ የሚጠብባት መሰላት። ከዚያ በኋላ በስድስት ዓመት ውስጥ፣ በየጊዜው ከተጨመሩት አራት ትናንሽ ወፎች ከሽቦው ቤት በመሀረብ ተጠቅልለው ወጡ። ሰው፣ «ዕድሜው ነው» ይላል። የሻረግ ዕድሜ እንዳልሆነ ትጠረጥራለች፤ ትጠረጥርና ዝም ትላለች። አምስተኛው መሀረብ የሎሚ እንዳይሆን ፈራች።

ምሳ ቀረበ። ትሪው አባባ ምናሴ እንዲሰሙ በራቸው ፊት ለፊት ተቀምጧል። ሁሉም ዙሪያውን ሲከብቡ የሻረግ መጽሐፉን በደረቷ አቅፋ ቆማ ቀረች።

«ተቀመጪ እንጂ!» አለቻት ልብስ ሰፊዋ።

«አልቀመጥም። መጀመሪያ ልናገር» አለች የሻረግ። «ይህ መጽሐፍ ስለ ወፍ አይደለም። ስለ ባቡር ሞተር ነው። አንብቤውም አላውቅም። ወፎቹ አብረው መኖር ይችሉ እንደሆነ ያን ቀን አላውቅም ነበር፤ አላውቅም ማለት አፍሬ ነው። የሞቱት አራቱ ወፎች በእኔ ነው የሞቱት። ይቅር በሉኝ።»

የጎረሰው ሁሉ ማኘኩን ተወ።

መጀመሪያ ባለሱቁ ነው የፈነዳው። «ስድስት ዓመት ሙሉ የባቡር ሞተር ሲመክረን ኖረ በሉኛ!»

«አይጣሉም ወይ ብዬ ነበር እኮ!» አለች ልብስ ሰፊዋ። «የሰማኝ የለም እንጂ!»

«አንቺማ ከሁሉም ቀድመሽ ነው ዋኖስሽን ያስገባሽው» አላት አወል።

ከውስጥ የአባባ ምናሴ ድምፅ መጣ። «የባቡር መሆኑንማ አውቃለሁ!»

ሁሉም ወደ በሩ ዞሩ።

«ሠላሳ ዓመት ባቡር ላይ ሠርቼ ያን የፈረንሳይኛ ጽሑፍ ሳላውቀው ልቀር ነው? ቤትሽ ልጠይቅሽ የመጣሁ ቀን ጀርባውን አነበብኩት። እንዳታፍሪ ብዬ ተውኩት፤ ስለ ወፎቹ ግን እኔም የማውቀው አልነበረም። አንቺም ዝም፣ እኔም ዝም፤ ሁለታችን ተደማምረን ሎሚን ዝም አሰኘነው። በይ አሁን ቁጭ በይና ብዪ፤ ምግቡ ቀዘቀዘ።»

የሻረግ ልታለቅስ ስትል ልብስ ሰፊዋ እጇን ጎትታ አስቀመጠቻትና ትልቅ ጉርሻ አፏ ውስጥ ከተተችባት። በዚያ ጉርሻ ማልቀስም መናገርም አይቻልም። በትሪው ዙሪያ ያለው ቦታዋ እንደ ትናንቱ ነበር፤ ትንሽ እንኳ አልጠበበም።

«ታዲያ ይከፈሉ ነው የሚሉት?» አለ አወል እጁን እየታጠበ።

ጉርሻዋን ዋጠችና፣ «መጽሐፍ ብሎ ሳይሆን አይቼ ነው። ይከፈሉ» አለች።

«ባለሱቅ፣ ትጣላኛለህ?» አለ አወል ዞር ብሎ።

«አቦ ቁረጥ!»

ያን ጊዜ የሻረግ ስለተናገረች አወል መጋዙን አነሳ፤ መጋዙ ሳንቃውን ቆረጠ፤ ሳንቃው ከሳሩ በላይ ተጋደመ፤ ሳሩ ወለሉ ላይ ተኛ፤ ድርጭቷ ሳሩ ውስጥ ገብታ መዝለሏን ተወች፤ ዋኖሷ ከሳህኑ ተነስታ ሳንቃው ላይ ዘና ብላ ተራመደች፤ በቀቀኗ ሳህኑ መለቀቁን አይታ እየተጣደፈች ወረደች፤ አወልም ከጥሬዋ ጋር እንዳለች በእሷና በሌሎቹ መካከል የሽቦ ግድግዳ አቆመ።

ሎሚም ወደ ላይኛው እንጨት ወጣ። ግራ አየ፤ ቀኝ አየ። ላባውን አራገፈ። መጀመሪያ አንዲት ቀጭን ድምፅ አወጣ፤ የረሳት መስሎት እንደገና ሞከራት። ከዚያ አንገቱን ቀና አድርጎ ዘመረ፤ ግቢው ከዳር እስከ ዳር እስኪሞላ ዘመረ።

ከውስጥ አባባ ምናሴ፣ «ተመስገን፤ ደህና ነው! የሻረግ ልጄ፣ ለመንገድ የሚሆነው ካርቶን ፈልጊልኝ፤ አየር እንዲገባው ቀዳዳውን አብዢለት!» ብለው ጮኹ።

በማግስቱ አባባ ምናሴ ሎሚን ከነካርቶኑ ታፋቸው ላይ ይዘው ሄዱ። መኪናዋ ከታጠፈች በኋላ የሻረግ የሽቦውን ቤት ልታጸዳ ተመለሰች። ውኃ እየቀየረች ለእያንዳንዳቸው፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች፤ ለበቀቀኗ፣ ስለ ወረደች፤ ለዋኖሷ፣ ስለ ተነሳች፤ ለድርጭቷ፣ ስለ ተረጋጋች፤ ለሳሩ፣ ለሳንቃው።

አወል በሩ ላይ ሆኖ ሰማት። «እትዬ የሻረግ፣ መጋዙን ዘለሉት! ይቀየማል።»

የሻረግ ቀና አለች። ጫማዋን አላየችም፤ አወልን አየችው። «ለመጋዙም፣ ላነሳውም፣ ከበላሁበት ትሪ ላላነሳኝ ሰው ሁሉም እግዜር ይስጥልኝ» አለች፤ ያውም ጎረቤት ግቢ እስኪሰማ ጮክ ብላ።

የእኔ መንገር እዚህ ላይ ያበቃል፤ ትንፋሽ የተረፋችሁ ቀጥሉበት።