ከምሳ በኋላ የሚሰማ አቤቱታ

ፊታውራሪ ውብነህ የሚባሉ አገረ ገዥ ነበሩ፤ አቤቱታ የሚሰሙት ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ ነው። ሲበሉ የሰው ዓይን እንዳይወጋቸው መጋረጃ ይጋረዳል። ከሹማምንቶቻቸው ጋር ጠግበው፣ እጃቸውን ታጥበው ጠጁን ሲይዙ መጋረጃው ይገለጣል፤ ችሎቱም ያኔ ይጀመራል።

ዝናብ በጠፋበት ዓመት አንዲት ምላሰኛ መበለት ከዚያ መጋረጃ ፊት ቆማ ዋለች። ከጀርባው የጥብስ ሽታ ሲመጣባት ቆይቶ፣ በመጨረሻ መጋረጃው ተገለጠና ተጠራች።

«ጌታዬ፣ አገሩ ተርቧል» አለች። «የዘንድሮውን ግብር ይማሩን፤ ጎተራውንም ይክፈቱልን።»

ፊታውራሪ ወደ ሹማምንቶቻቸው ዞሩ። «እናንተ ሰዎች፣ ረኃብ አለ እንዴ?»

«ኧረ የምን ረኃብ!» አለ አንዱ ጥርሱን እየጎረጎረ።

«ስንፍና ነው እንጂ» አለ ሌላው ቀበቶውን እያላላ። ሦስተኛውማ ሊናገር አፉን ቢከፍት ግሳቱ ቀደመው።

«ሰማሽ?» አሉ ፊታውራሪ። «የተከበሩ ሰዎች መስክረውብሻል። በይ፣ እዚህ ከተቀመጡት መካከል ምስክር ቁጠሪ፤ አለዚያ ክፉ ወሬ በመንዛት ትገረፊያለሽ!»

አለንጋ የያዘው ሰው ጠጋ አለ። ሴትዮዋ ፊቱ ያልወዛ ሰው ብትፈልግ በአዳራሹ አንድም አጣች።

«እሺ ጌታዬ» አለች፤ «ምስክሮቼም እነዚሁ የተከበሩት ሰዎች ናቸው። ብቻ የነገው ምሳ ይቅርባቸውና፣ ወደ ማታ ላይ እንደገና ይጠይቁልኝ።»